ልጄ በምን ሞተ? የሐዘንተኛ ወላጆች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሰንበት አራዳ በሚገኘው የዕድራችን አዳራሽ ልጆቻቸውን በሞት ያጡ ወላጆች ጥያቄያቸውን በወረቀት ጽፈው እንዲያቀርቡ ተደርጎ ነበር። እኔ የዕድሩ አባል ስሆን በዐቃቤ ሕግነትና በጥብቅና ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ የእህቴ ልጅ በአንድ የሕክምና ተቋም ውስጥ ሕይወቱ ባለፈ ጊዜም ወረቀት ይዤ ከቢሮ ቢሮ የዞርኩት እኔ ነበርኩ። በዕለቱ ሰዓቱ ስላልበቃን ሳይመለሱ የቀሩትን ጨምሬ መልሶቹን እዚህ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። የጠያቂዎቹን ስም ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ ከሥራ ሲመለስ መንገድ ዳር ወድቆ ተገኘ ተባልን። ዘመድ ሁሉ «ሬሳውን አታንገላቱት፣ አይቀደድ» ስላለን ሳይመረመር ቀበርነው። አሁን ግን ውስጤ አላርፍ አለ። ጊዜው አልፎብናል?

መልስ፦ እናቴ፣ አስቀድሜ እርስዎ ያጠፉት ጥፋት እንደሌለ ልንገርዎ። በእኛ አገር ሬሳ ማቆየት ነውር ነው፤ ቀብሩ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ይፈጸማል፤ ድንኳን ተተክሎ ለቀስተኛ እየጎረፈ ባለበት ሰዓት «ልጄ ይመርመርልኝ» ለማለት የሚበቃ አንጀት ያለው ወላጅ ጥቂት ነው። ምኒልክ ሆስፒታል በር ላይ አንድ አባት ለልጃቸው መገነዣ የገዙትን አዲስ ነጭ ሸማ በፌስታል ይዘው ከማለዳ ጀምሮ ቆመው አይቻቸዋለሁ። ፌስታሉን መሬት ማስቀመጥ አልፈለጉም፤ ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው እያዘዋወሩ እስከ ከሰዓት በኋላ ጠበቁ። ምርመራው ሲያልቅ ሐኪሙ ገላውን ሰፍቶና አጥቦ ስላስረከባቸው ፊቱን አይተው፣ ስመው ቀበሩት። ይህን የምነግርዎ ብዙ ቤተሰብ ምርመራን ገላ ማበላሸት አድርጎ ስለሚፈራው ነው።

አሁንም ቢሆን መንገድ አለ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 23 ፖሊስ የቀረበለት አቤቱታ አጠራጣሪ መስሎ ቢታየው እንኳ ምርመራውን ማካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ የሚያውቁትን ሁሉ፣ ማለትም በመጨረሻ ከማን ጋር እንደነበረ፣ ስልኩና ገንዘቡ የት እንደተገኙ፣ ገላውን ያጠቡት ሰዎች ምን ዓይነት ቁስል ወይም እብጠት እንዳዩ ጽፈው፣ ፈርመው ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡ። መቃብር ተከፍቶ አስከሬን እንዲመረመር ማድረግ በሕግ ይቻላል፤ ነገር ግን ጊዜ በገፋ ቁጥር የሚገኘው መልስ እየጠበበ ይሄዳል። የአጥንት ስብራትና በገላ ውስጥ የቀረ ጥይት ለዓመታት ይታያሉ፤ እንደ አርሴኒክ ያሉ አንዳንድ መርዞችም በፀጉርና በጥፍር ውስጥ ይቆያሉ። የመታፈንና የመስጠም ምልክት ግን ሥጋው ሲፈርስ አብሮ ይጠፋል። ገላውን ያጠቡትን ሰዎች ዛሬውኑ ያነጋግሩልኝ፤ እነሱ ያዩትን ሌላ ማንም አላየውም።

ጥያቄ፦ የአስከሬን ምርመራ ውጤቱን ለወላጅ ይሰጣሉ?

መልስ፦ ውጤቱ የሚላከው ምርመራውን በደብዳቤ ለጠየቀው የፖሊስ ጣቢያ ነው። ስለዚህ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን፣ የመርማሪውንም ስም ይመዝግቡ። የመርዝ ምርመራ ካስፈለገ ናሙናው ለብቻው ወደ ላቦራቶሪ ስለሚሄድ ከሌላው ይዘገያል፤ ይህ መዘግየት ብቻውን ነገሩ ተደብቋል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ለቀላል ቀዶ ሕክምና ገብታ አልወጣችም። «ቀኗ ደርሶ ነው» አሉን። ሐኪም መክሰስ እግዜርን መክሰስ ይመስለኛል፤ ግን እውነቱን ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እህቴም ይህንኑ ስትል ነበር። የእምነትና የማስረጃ ጥያቄ ለየብቻ ናቸው፤ «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው ቃል ለሐዘንተኛ ማጽናኛ እንዲሆን እንጂ ለተቋም መልስ እንዲሆን አልተባለም።

በእኛ ጉዳይ እውነቱ የተገኘው ከካርዱ ላይ ነበር። የነርሷ የክትትል ቅጽ ላይ የደም ግፊቱ የተለካበት ሰዓት በሰማያዊ እስክሪብቶ «8፡20» ተብሎ ተጽፎ፣ ስምንቷ በጥቁር ቀለም ተደምቃ ስድስት እንድትመስል ተደርጋ ነበር። ልጁ ለሁለት ሰዓት ያህል ያየው ሰው አልነበረም ማለት ነው። ይህን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ያስተዋለችው የእህቴ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ እኔ ሕግ የተማርኩት ሰውዬ ሦስት ጊዜ አንብቤ አልፌዋለሁ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የካርዱ፣ የክትትል ቅጹ፣ የማደንዘዣ መመዝገቢያውና የተፈረመበት የስምምነት ወረቀት ቅጂ እንዲሰጥዎ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ማመልከቻዎ ገቢ ሆኖ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይያዙ። ቢከለከሉ ሰነዱ በፖሊስ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቀርብ ይጠይቁ። ቀጥሎ ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አቤቱታ ያቅርቡ። ኮሚቴው ካርዱን መርምሮ ሥራው የሙያውን ደረጃ ጠብቆ ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም የሚል አስተያየት ይሰጣል፤ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግም በእንዲህ ያለ ጉዳይ በአብዛኛው የሚደገፉት በዚህ ዓይነት የባለሙያ አስተያየት ነው።

ሁሉም ሞት የሐኪም ጥፋት አይደለም፤ ማደንዘዣ ራሱ አንዳንድ ጊዜ ጤነኛ ልጅን ይጎዳል፤ ምርመራው ይህንንም ሊያሳይዎት ይችላል። ጥፋት ከተገኘ ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 እንደ ሐኪምና አሽከርካሪ ያለ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሞት ሲያደርስ ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት እንዲቀጣ፣ ግልጽ ደንብ ጥሶ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ ወደ ጽኑ እስራት ከፍ እንዲል ያደርጋል። ካሳ የሚጠየቅበት የፍትሐ ብሔር ክስ በመሠረቱ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ክሱ ተቀባይነት አያገኝም ማለት ነው። አርባውንና ሙት ዓመቱን አውጥቼ እጀምራለሁ የሚል ወላጅ ከዚህ ጊዜ ግማሹን ይጨርሳል።

ጥያቄ፦ የልጃችንን ገዳይ ወገኖች ሽማግሌ ልከው «ታረቁ፣ ክሱን አንሡ» እያሉን ነው። ብንታረቅ ክሱ ይቀራል?

መልስ፦ አይቀርም። የሰው መግደል ክስ የመንግሥት ክስ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ የሚያቀርበው በመሆኑ ቤተሰብ «ትቼዋለሁ» ቢልም አይቋረጥም። እርቁ ለበቀል መግቻና ለጎረቤት ሰላም ይጠቅማል፤ በፍርድ ጊዜም ቅጣት ሊያቀል ይችላል። ሽማግሌ ፊት ስትቀመጡ ግን ከካሳው አስቀድማችሁ በዚያች ሌሊት የሆነውን ሁሉ ሳይደብቁ እንዲናገሩ ጠይቁ። ይህን ዕድል ፍርድ ቤት እንኳ ሁልጊዜ አይሰጣችሁም።

ጥያቄ፦ ለሐዘናችን ሕጉ ስንት ብር ይፈርድልናል?

መልስ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለኅሊና ጉዳት የሚከፈል ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በአንቀጽ 2116 ወስኗል። ልጁ ቤተሰብ ይረዳ ከነበረ የቀረው ድጋፍና የቀብር ወጪው ለብቻ ይሰላሉ። ይህ የ1,000 ብር ጣሪያ መነሣት አለበት ብዬ ለዓመታት ተከራክሬያለሁ፤ ዛሬም አምንበታለሁ።

ጥያቄ፦ ዐቃቤ ሕግ «ማስረጃ የለም» ብሎ መዝገቡን ዘጋው።

መልስ፦ ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይጠይቁ። የ1954ቱ ሕግ አንቀጽ 44 ዐቃቤ ሕግ አልከስም ሲል የሚመለከተው ሰው ውሳኔው በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ክስ እንዲቀርብ ትእዛዝ እንዲሰጥለት ማመልከት እንደሚችል ይናገራል። ለበላይ ኃላፊም አቤት ይበሉ፤ አቤቱታው ግን ያልተጠየቀ ምስክርን ወይም ያልተነሣ የካሜራ ምስልን በግልጽ የሚያሳይ ይሁን።

ጥያቄ፦ ልጄ የሞተበት ቦታ ዶሮ ማነቂያ ነበር፤ ሰፈሩ በ2016 ፈረሰ። ጎረቤቱ ሁሉ ተበትኗል። ምስክር ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ከፒያሳ ብቻ ሦስት ወላጆች አቅርበውልኛል። ቤቱ ቢፈርስም ዕድሩና ማኅበሩ አልፈረሱም፤ ብዙዎቹ በየወሩ ለክፍያ ይገናኛሉ። የዕድሩን ጸሐፊ የአባላቱን አዲስ ስልክ ይጠይቁ፤ ቦታው ከመፍረሱ በፊት የተነሡ የሠርግም ሆነ የልደት ፎቶግራፎችን ሰብስቡ። አንድ መዝገብ ላይ መብራቱና አጥሩ የት እንደነበረ ያስረዳው አንድ የክርስትና ፎቶግራፍ ነበር።

ጥያቄ፦ ልጄ ከቤይሩት በሬሳ ሳጥን መጣች። ወረቀቱ «ራሷን አጠፋች» ይላል። ከሦስት ቀን በፊት ግን በስልክ ስትስቅ ነበር።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ወረቀት የያዙ ብዙ እናቶች አውቃለሁ። ሳጥኑ ቦሌ ሲደርስ፣ ከመቀበሩ በፊት ፖሊስ እዚህ እንዲያስመረምረው መጠየቅ ይቻላል፤ ከተቀበረች ደግሞ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ የገለጽኩት ይሠራል። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል የዚያን አገር የፖሊስና የሆስፒታል ሪፖርት በጽሑፍ ይጠይቁ። የላከችልዎትን የድምፅ መልእክቶች ከስልክዎ ላይ አያጥፉ፤ ቅጂያቸውንም ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። የተላከችው በኤጀንሲ ከሆነ ውሉና ኢንሹራንሱ የት እንዳሉ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ጥያቄ፦ እኔ አሮጊት ነኝ። ልጄን በ1970 ከቤት ወሰዱት። አስከሬኑን አላየሁም፣ እንዳላለቅስም ተከለከልኩ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ብጠይቅ ያሳፍራል?

መልስ፦ እማማ፣ አያሳፍርም። ከአዳራሹ ማዶ ሆነው ወረቀቱን ለልጅ ልጅዎ እያስጻፉ ሳሉ አይቼዎታለሁ። በቀይ ሽብር ዘመን አንዳንዱ ቤተሰብ የጥይቱን ዋጋ ክፈል ተብሎ ነው የልጁን ሬሳ የወሰደው፤ ብዙዎች ያንንም አላገኙም። በ1984 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናትን የሚከስ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ የጅምላ መቃብሮች ሲከፈቱ ከአርጀንቲና የመጡ የአጥንት መርማሪዎች ረዱ፤ ክሱ በ1987 መሰማት ጀምሮ የጥፋተኝነት ፍርዱ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ነው። ከመቃብሮቹ የወጣው አጥንት፣ ልብስና ጫማ ከፊሉ መስቀል አደባባይ ባለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል።

አጥንት ከስሙ ጋር የሚገናኘው ብዙ ጊዜ እናት በምታውቃቸው ነገሮች ነው። በዚያን ቀን ምን ለብሶ እንደወጣ፣ ሹራቡን ማን እንደሠራለት፣ ጥርሱ የት ጋ እንደተሸረፈ፣ በልጅነቱ የተሰበረ እጅ እንደነበረው ሁሉንም ለልጅ ልጅዎ ያስጽፉ። ከዚያ የሚመችዎን ቀን ይንገሩኝ፤ ወደ መስቀል አደባባይ አብሬዎት እሄዳለሁ፤ ደክሞዎት ቢቀመጡ እጠብቃለሁ፤ ማልቀስ ካማረዎትም ዛሬ የሚከለክልዎ የለም።