ፊቱ ይታያል፣ ድምፁ ግን ይቆራረጣል

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ፣ ያረጁ ኮምፒውተሮችን መጠጋገን እወዳለሁ። ሰሞኑን ሁለት ባለ 100 ሜጋኸርዝ ፔንቲየሞች ላይ ነፍስ ዘራሁባቸው። ሁለቱም 16 ሜጋባይት ራም አላቸው፣ በዊንዶውስ 95 ነው የሚሠሩት፣ በሁለቱም ላይ ያቺን ክብ ካሜራ፣ ኩዊክካምን፣ ሰክቻለሁ። ከዚያ በኢንተርኔት እየተያዩ የሚነጋገሩባቸውን ሁለት የድሮ ፕሮግራሞች፣ ሲዩ-ሲሚን እና ኔትሚቲንግን፣ ጫንኩና የመስመሩን ፍጥነት እንደ ያኔው የስልክ መስመር ሞደም 28.8 ኪሎቢት በሴኮንድ ላይ አድርጌ ሞከርኳቸው። ከሁለቱ ፕሮግራሞች አንዱን ብቻ መያዝ እፈልጋለሁ፣ ግን በምን ላወዳድራቸው? ጓደኛዬ ምስሉ የጠራው ነው የሚሻለው፣ በሴኮንድ 15 ፍሬም፣ ማለትም 15 ነጠላ ምስል፣ የሚያሳየውን ያዝ ይለኛል። እኔ ግን ምስሉ በጠራ ቁጥር ድምፁ ይቆራረጥብኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ ተሳስቷል። መልሱን ራስህ በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ጽፈኸዋል። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚመዘኑት መስመሩ ሲጠባቸው ነው፤ ያኔ የትኛውን ይለቃሉ፣ ምስሉን ወይስ ድምፁን? ፊቱ ለአፍታ ቀጥ ያለበት ሰው አሁንም እያወራህ ነው። ድምፁ የተቆረጠ ሰው ግን ፊቱ እንደ ፎቶ ቢጠራ ምን ይጠቅምሃል? ስለዚህ ድምፁን መጀመሪያ መዝን፣ ምስሉን በኋላ።

ስለ 15 ፍሬሙ ሒሳብ እንሥራ። በዚያን ጊዜ የተለመደችው ትንሽ ምስል 176 በ144 ነጥብ ናት። በቀለም ከሆነች አንዷ ፍሬም ሳትጨመቅ ከ300 ሺህ ቢት በላይ ትመዝናለች። በ15 ስታባዛው ወደ 4.5 ሚሊዮን ቢት በሴኮንድ ይመጣል። ያንተ መስመር የሚያሳልፈው 28,800 ነው። ከ150 ጊዜ በላይ መጨመቅ አለበት ማለት ነው፣ ያውም ለድምፁ አንዲት ቢት ሳይተርፍ። በሞደም ፍጥነት 15 ፍሬም ላይ ሙጭጭ የሚል ፕሮግራም ካየህ ከሌላ ቦታ እየቀማ ነው፤ ወይ ምስሉን ያደበዝዛል፣ ወይ ድምፁን ይቆርጣል።

ድምፅ ደግሞ እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ኔትሚቲንግ የሚጠቀምበት ጂ.723.1 የሚባለው አጨማመቅ 6.3 ኪሎቢት በሴኮንድ ብቻ ይፈልጋል ይባላል፣ እውነትም ነው። ግን ድምፁ በየ30 ሚሊሴኮንዱ እየተቆረጠ 24 ባይት ሆኖ ይታሸጋል፣ እላዩ ላይ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድና መቼ እንደሚሰማ የሚናገር 40 ባይት ይለጠፍበታል። ፖስታው ከደብዳቤው ከበደ ማለት ነው። እያንዳንዷ ቁራጭ ለብቻዋ ከተላከች 6.3 የነበረው 17 ኪሎቢት ይሆናል፤ ከ28.8 ከግማሽ በላይ ሄደ። ሁለት ሁለቱ ባንድ ፖስታ ቢላኩ ወደ 12 ይወርዳል፣ በምትኩ ድምፁ ትንሽ ይዘገያል። ምስሉን ስታጠራ ድምፁ የሚቆራረጥብህ ለዚህ ነው፣ ለሁለቱም የሚበቃ ቦታ የለም።

አሁን ወደ ሁለቱ ፕሮግራሞች። ሲዩ-ሲሚ በ1992 እ.ኤ.አ. ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለማክ ኮምፒውተር ተሠራ፣ የዊንዶውሱ በ1994 ተከተለ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፣ ምስል ብቻ ነበር። ይህንን ሳታውቅ ከሌላው ጋር ብታወዳድረው ትበድለዋለህ። ምስሉን በ16 ዓይነት ግራጫ ያሳያል። ብልሃቱ ደስ ይለኛል፤ ምስሉን 8 በ8 ነጥብ በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ይከፋፍልና ከቀድሞው የተለወጡትን ብቻ ይልካል። ካሬዋ መንገድ ላይ ከጠፋች ደግማ እስክትታደስ ድረስ አሮጌው ቁራጭ ፊቱ ላይ እንደተለጠፈ ይቆያል። ትልቁ ጥንካሬው ግን ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ማገናኘቱ ነው። ሪፍሌክተር የሚባለው ሰርቨር ከአንዱ የመጣውን ተቀብሎ ለሌሎቹ ሁሉ ያድላል። ያኔ ይህ በቤት ኮምፒውተር ይሆናል ብሎ የጠበቀ ሰው ብዙ አልነበረም።

ኔትሚቲንግ በ1996 እ.ኤ.አ. ነው የመጣው፣ ቪዲዮው ደግሞ በሁለተኛው እትሙ። ድምፅና ምስል በሁለት ሰው መካከል ብቻ ነው፤ ሦስተኛ ሰው ከገባ በጽሑፍና በነጭ ሰሌዳው ነው የሚሳተፈው። ግን መስመር ሲጠብ ለድምፅ ቅድሚያ ይሰጣል። ምስሉ ፍጥነት ይኑረው ወይስ ጥራት የሚለውንም በአንዲት ተንሸራታች ቁልፍ አንተው ትመርጣለህ። ወደ ፍጥነት ስበህ ሞክረው፣ ከዚያ ወደ ጥራት፣ ልዩነቱን በጆሮህ ስማው።

አሞካከሩ ይህን ይመስላል። ከጓደኛህ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ እየተፈራረቃችሁ ከ1 እስከ 20 ቁጠሩ፤ አንተ አንድ፣ እሱ ሁለት፣ በፍጥነት። ሰዓቱን ያዝ። ከዚያ ለየብቻ ክፍል ገብታችሁ በፕሮግራሙ በኩል ያንኑ ድገሙት። የጨመረውን ጊዜ ለ20 ስታካፍለው አንድ ድምፅ ከአፍ እስከ ጆሮ ስንት እንደሚዘገይ አወቅክ። እስከ 150 ሚሊሴኮንድ ከሆነ ሰው አያስተውለውም፤ 400ን ካለፈ ንግግሩ መጋጨት ይጀምራል። ቀጥሎ እሱ አሥር የማታውቃቸውን ቁጥሮች ያንብብልህ፣ አንተ ጻፍ። ስንቱን በትክክል ጻፍክ? ይህንኑ ምስሉን አጥፍታችሁ ድገሙት። ድምፁ ወዲያው ከጠራ ጥፋቱ የመስመሩ ወይም የፕሮሰሰሩ ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ምስሉን መልሳችሁ ክፈቱ፣ የፍጥነት ገደቡን አንሱና በኔትወርክ ኬብሉ ሙሉ ፍጥነት ሞክሩት፤ አሁንም ከተቆራረጠ ፕሮሰሰሩ ነው የደከመው።

በአንተ ማሽን ከመስመሩ ሌላ ፕሮሰሰሩንም እጠረጥራለሁ። ኩዊክካም በ1994 እ.ኤ.አ. ስትወጣ ርካሽ የሆነችው የራሷ ካርድ ስለማያስፈልጋት ነው፤ በፒሲ ላይ በፕሪንተሩ ወደብ ትገባለች፣ ኤሌክትሪኩን ከኪቦርዱ ወደብ ትወስዳለች፣ ሥራውን በሙሉ ግን በፕሮሰሰሩ ትከሻ ላይ ትጥላለች። ያው ፕሮሰሰር ምስሉን ይጨምቃል፣ የመጣውን ይፈታል፣ ድምፁንም እንዲሁ። የራስህን ፊት የምታይበትን መስኮት ዝጋው። ያቺ ብቻዋን ብዙ ታቀላለች።

ስለ ብርሃን አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያስበው። በደብዛዛ ብርሃን ካሜራዋ ምስሉ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ታበዛለች። ሰውየው ባይንቀሳቀስም ነጠብጣቡ ይንቀሳቀሳል፣ ፕሮግራሙም ሁሉም ካሬ ተለወጠ ብሎ ሁሉንም ይልካል። ከጀርባህ የሚወዛወዝ መጋረጃም እንደዚሁ መስመርህን ይበላል። ስለዚህ ሁለቱን ፕሮግራሞች ስታወዳድር በአንድ መብራት፣ በአንድ ባዶ ግድግዳ ፊት፣ በአንድ ልብስ ይሁን። እኔ አንዴ አንዱን ቀን፣ ሌላውን ማታ ሞክሬ የማታውን ያለ ጥፋቱ ጥዬው ነበር።

ለሁለት ሰው ኔትሚቲንግን ያዝ። አራት አምስት ሆናችሁ መተያየት ከፈለጋችሁና ወሬውን በጽሑፍ ለማድረግ ካልከበዳችሁ ሲዩ-ሲሚን።

ጥያቄ፦ እኔና ወንድሜ በየቤታችን በአሮጌ ኮምፒውተር በኔትሚቲንግ ለመነጋገር ሞከርን። ጥሪው ይገባል፣ ድምፅና ምስል ግን የለም። ራውተሩ ላይ 1720 የሚባለውን ወደብ (የኢንተርኔቱ ግንኙነት የሚገባበትን ባለ ቁጥር በር) ከፍተናል። ምን ቀረን?

መልስ፦ እህቴ፣ 1720 የሚጠቅመው ለመደወያው ብቻ ነው። ጥሪው ከተነሳ በኋላ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ድምፁና ምስሉ በየት በኩል እንደሚሄድ እዚያው ይስማማሉ፣ በየጥሪው ሌላ ሌላ ወደብ ይመርጣሉ። የባሰው ደግሞ አድራሻቸውን በመልእክቱ ውስጥ ይጽፉታል። ራውተርሽ የውጪውን አድራሻ ይቀይራል፣ ውስጥ የተጻፈውን ግን አያይም። የወንድምሽ ኮምፒውተር ድምፁን ቤትሽ ውስጥ ብቻ ወደሚሠራ አድራሻ ይልካል፣ እዚያው ይጠፋል። ፕሮግራሙ የተሠራው እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ የኢንተርኔት አድራሻ ይኖረዋል ተብሎ ነው።

መፍትሔው ሁለቱን ቤቶች በራውተሮቹ በኩል በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ውስጥ በሚያልፍ የግል መስመር፣ ማገናኘት ነው፣ ያኔ ኮምፒውተሮቹ ባንድ ቤት ያሉ ይመስላቸዋል። ሁሉንም ወደብ ክፈቺ የሚልሽ ሰው ካለ እሺ እንዳትዪው። ያን ያህል ያረጀ ዊንዶውስ ለዓመታት የደህንነት ማሻሻያ አላገኘም፣ በሩን ከፍቶ ኢንተርኔት ላይ መተው አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር በአሮጌ ኮምፒውተር ስናወራ ሁለታችን እኩል ከተናገርን የአንዳችን ድምፅ ይጠፋል። ፕሮግራሙን ብቀይርም ያው ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ፕሮግራሙን ተወው፣ ሳውንድ ካርዱን እይ። ከድሮዎቹ ካርዶች ብዙዎቹ ወይ ይቀዳሉ ወይ ያሰማሉ፣ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አይችሉም። አንዳንዱ ካርድ ይችላል፣ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያዘው ፕሮግራም) ነው የሚያግደው፤ ስለዚህ መጀመሪያ አዲሱን ድራይቨር ጫን። ለማረጋገጥ ሙዚቃ ክፈትና ሙዚቃው ሳይቆም በማይክ ድምፅህን ቅዳ። ካልቀዳልህ ካርዱን ቀይር። ስትቀይረው ግን ሄድሴት አብረህ አዘጋጅ፤ ማይኩና ስፒከሩ ባንድ ላይ ሲከፈቱ የጓደኛህ ድምፅ ካንተ ስፒከር ወጥቶ በማይክህ ተመልሶ ይገባና ራሱን እየሰማ መናገር ያቅተዋል።