የድሮ ጭውውት ዛሬም ያስቃል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ በደርግ ዘመን ስለ ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ የተጻፈ የ12 ደቂቃ ጭውውት ለመድረክ አቀረብን። ትልልቆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ወጣቶቹ ዝም። ጊዜው አልፎበት ይሆን?

መልስ፦ አላለፈበትም። ወጣቶቹ ያላወቁት በጭውውቱ ውስጥ ያለውን የራሽን ካርድ፣ ማለትም ከቀበሌ ሱቅ ሸቀጥ በኮታ የሚገዛበትን ካርድ ነው፤ ካርዱ ከጠፋ ስኳር እንደማይገኝ ካላወቁ “ካርዴን!” የሚለው ጩኸት ምናቸውም አይደል። በንግግር ግን አታብራሩላቸው፣ ቀልዱ ይሞታል። መጋረጃው እንደተከፈተ ተዋናዩ ካርዱን በመሐረብ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ይክተት፤ ሦስት ጊዜ ይዳብሰው። ኋላ ኪሱ ባዶ ሲሆን ሁሉም ይስቃል።

የሰላምታውን መግቢያ ቆርጣችሁ ወደ 7 ደቂቃ አውርዱት። ሳቁ ጋብ ማለት ሲጀምር ቀጥሉ፤ ከቸኮላችሁ ቀጣዩ ቃል አይሰማም። በመንተባተብና በሰው አነጋገር መሳለቅ ካለበት ግን ያለ ርኅራኄ አውጡት።