60 በመቶ ጥበት ማለት ምን ማለት ነው? የልብ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

«አባቴ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ሲወጣ ደረቱን ያፍነዋል፣ ፒያሳ ሳይደርስ ደጋግሞ ይቆማል። ሲቲ ስካን ተነስቶ አንዱ የልብ ደም ቧንቧው 60 በመቶ ጠቧል ተባለ። ሐኪሙ ግን ስቴንት (የጠበበውን ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የመረብ ቱቦ) ይግባ አላለም። ለምን?» — ከፒያሳ

እህቴ፣ ሐኪሙ ቸል ብሎ አይመስለኝም። ምስሉ ጥበቱን ያሳያል እንጂ ስንት ደም እንደሚያልፍ አይናገርም። ሁለት ሰዎች እኩል 60 በመቶ ጠቦባቸው የአንዱ ልብ በቂ ደም ሲያገኝ የሌላው ሊያጥረው ይችላል፤ የጥበቱ ርዝመትና ቅርጽ፣ ከዚያ ቧንቧ ደም የሚጠብቀው የልብ ጡንቻ ብዛት፣ ሁሉም ይቆጠራል። ስለዚህ ሐኪሞች ቀጭን ሽቦ በካቴተር፣ ማለትም በደም ቧንቧ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ያስገቡና ቧንቧ በሚያሰፋ መድኃኒት ደሙ በደንብ እንዲሄድ አድርገው ከጥበቱ በፊትና በኋላ ያለውን ግፊት ይለካሉ። በፊት 100፣ በኋላ 75 ከሆነ ውጤቱ 0.75 ነው። 0.80ና ከዚያ በታች ከሆነ ጥበቱ ለልቡ የሚደርሰውን ደም እየቀነሰ ነው ይባላል።

ይህን ቁጥር አሁን ሽቦ ሳይገባ ኮምፒውተር ሊገምተው ይችላል። ከሲቲ ስካኑ የቧንቧዎቹን ቅርጽ ያወጣና በየቦታው ያለውን ግፊትና ፍጥነት ያሰላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 ፈቅዳዋለች። ግን ምስሉ ከደበዘዘ ወይም ቧንቧው ላይ ካልሲየም ከበዛ ስሌቱም ይሳሳታል፣ ውጤቱ 0.80 አካባቢ ሲሆን ደግሞ እኔ ሽቦውን ነው የማምነው።

አባትሽ የት ቦታ ሲደርስ እንደሚያፍነው፣ ቆም ሲል በስንት ደቂቃ እንደሚለቀው ለሐኪሙ በዝርዝር ንገሩት። ቁጭ ብሎ እያለ ካመመውና አልለቅ ካለው ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

«አምስት ኪሎ ምህንድስና እማራለሁ። ይህን ስሌት በላፕቶፕ መሞከር ይቻላል?»

ይቻላል። ናቪየር ስቶክስ የሚባሉት፣ የፈሳሽ ትምህርት ላይ የምታገኛቸው ቀመሮች ናቸው። ሲምቫስኩላር የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፣ ከሕክምና ምስል ተነስቶ እስከ ደም ፍሰቱ ድረስ ይወስድሃል። የሚከብደው ሌላ ነው፦ ሲቲ ስካን የማያሳያቸው ደቃቅ ቧንቧዎች ምን ያህል ደሙን እንደሚገቱት መገመት አለብህ፣ እዚያ ላይ ከሳትክ የቀረው ሁሉ በቀለም ያማረ ስህተት ነው። መጀመሪያ ረጅም ቀጥ ያለ ቱቦ ሥራና ግፊቱን ሳትነካ ዲያሜትሩን (የአፉን ወርድ) በግማሽ ቀንስ። ፍሰቱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ መውረድ አለበት። ካልወረደ ወደ ልብ አትለፍ።

«ስቡ ለምን ቧንቧው በሚገነጠልበት ቦታ ይበዛል?» — ከአራት ኪሎ

እዚያ ግድግዳው አጠገብ ደሙ ይዘገያል፣ ወዲያ ወዲህም ይላል። ግድግዳውን በደንብ የማያሸው ደም የውስጥ ሽፋኑን ለኮሌስትሮል ያጋልጠዋል። ሲጋራ፣ ደም ግፊትና ስኳር ደግሞ ያባብሱታል።

«ልጄ በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ የልብ ቫልቯ ጠበበ። ይህ ኮምፒውተር ይረዳታል?» — እናት፣ ከካዛንቺስ

እናቴ፣ ይሄኛው ለእርሷ አይደለም። የእርሷ ምርመራ ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ ነው፣ እሱም የሚያሰላው ነገር አለ፦ ደሙ በጠበበው ቫልቭ በሰከንድ 2 ሜትር ካለፈ ማሽኑ 2ን በራሱ፣ ከዚያ በ4 አባዝቶ የግፊቱ ልዩነት 16 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው ይላል። ሐኪሟ የፔኒሲሊን መርፌ አዞላት ከሆነ፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠውን ማለቴ ነው፣ ደህና ነኝ ብትልዎም እንኳ አንዱም ቀን እንዳያልፋት።