መልስ፦ የአይቲ ወጪን ለየክፍሉ እንዴት እናሳይ?

ወንድሜ፣ የድሬው መሥሪያ ቤታችሁ የአይቲ ወጪ በጅምላ ስለሚመዘገብ የትኛው ክፍል ስንት እንደሚበላ አይታወቅም ብለሃል። ሶፍትዌር ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ለጅምሩ ኤክሴል ይበቃል። ከሒሳብ መዝገቡ ተነሱ፦ ደመወዝ፣ የሶፍትዌር ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ)፣ ኢንተርኔት፣ የጄኔሬተር ነዳጅ። ይህን ወደ ሰርቨር፣ ኔትወርክና የተጠቃሚ ድጋፍ መድቡት፤ ከዚያ ወደ አገልግሎቶች (ለምሳሌ ኢሜይል)፣ ከዚያ ወደ ክፍሎቹ።

ዋናው ጣጣ ማካፈያው፣ ማለትም የጋራ ወጪው የሚከፋፈልበት መለኪያ ነው። የከዚራ ቢሮና የሳቢያን መጋዘን አንድ የኢንተርኔት መስመር ከተጋሩ በሰው ቁጥር አታካፍሉ። መጋዘኑ ሠራተኛ ቢበዛበትም ኮምፒውተሩ ጥቂት ነው። በኮምፒውተር ብዛት ይሻላል።

በዶላር የሚከፈለውን ለብቻው አውጡት። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ጭማሪው ከፍጆታ ይሁን ከምንዛሪ ካልተለየ፣ አይቲ ክፍሉ በከንቱ ይታማል። የድሬን ሙቀት ደግሞ ታውቀዋለህ፤ የሰርቨር ክፍሉ ኤሲ የሚበላው መብራት አስተዳደር ወጪ ውስጥ እንዳይደበቅ።

ለጊዜው ሒሳቡን አሳዩ እንጂ ከማንም በጀት አትቁረጡ። ክፍሎቹ ቁጥሩን ሳያምኑት ከቆረጣችሁ ጠብ ነው።