ለእጁ ሥራ ስጡት፦ ቆዳቸውን ስለሚልጡ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ጥያቄና መልስ

ደሴ ውስጥ በልዩ ፍላጎት ክፍል አስተምራለሁ። ቆዳቸውን የሚልጡ፣ የደረቀ ቁስል ቅርፊት የሚፈነቅሉ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ሰሞኑን ጥያቄ ስላበዛችሁብኝ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስ። ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ መድኃኒት የምለው ትንሽ ነው።

ጥያቄ (እናት፣ ከኮምቦልቻ)፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ክንዱን ደም እስኪወጣ ይልጣል። ቀኑን ሙሉ «ተው» እለዋለሁ፤ ባሰበት እንጂ አልተወም።

መልስ፦ እህቴ፣ «ተው»ን ለአንድ ሳምንት አቆዪውና ደብተር ያዢ። ገጹን ለሦስት ክፈይው፦ ሊጀምር ሲል ምን እየሆነ ነበር? ምን አደረገ? ወዲያው ምን ተከተለ? ሰዓቱንም ጻፊ።

አንዲት እናት «ልጄ የሚልጠው ከጠዋት እስከ ማታ ነው» ብላ ምላልኝ ነበር። ደብተሩ ሲመጣ ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የወጣው። አንደኛው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ቴሌቪዥን ተከፍቶ እጁ ሥራ ሲፈታ። ያኔ ማንም ባያየውም ይልጣል። ሁለተኛው ጎረቤት ለቡና ሲሰበሰብ። ያኔ ዓይኑ ክንዱ ላይ ሳይሆን እናቱ ላይ ነው፤ ደም ጠብ ሲል እሷ ጀበናውን ትታ ትሮጣለች። እጁ አንድ፣ ምክንያቱ ሁለት።

ባለሙያዎች ምክንያቱን በአራት ይከፍሉታል፦ የሰው ትኩረት ለማግኘት፣ ከማይወደው ሥራ ለማምለጥ፣ የሚፈልገው ነገር እንዲሰጠው፣ ወይም ስሜቱ ራሱ ስለሚያረካው። ቆዳ በመላጥ ላይ አዘውትሬ የማየው የመጨረሻውን ነው። ትኩረት ለሚፈልግ ልጅ «ተው» ደመወዝ ነው፤ ለስሜቱ ብሎ ለሚልጥ ደግሞ ከሬዲዮ ድምፅ አይለይም። በዚያ ቤት እንግዳ ሲመጣ ፈንዲሻውን የሚያዞረው ልጁ ሆነ፤ ሁሉም ሰው ሳይልጥ አየው፣ አመሰገነው። ቢልጥ እናቱ ቁስሉን ታጥባለች፣ ትሸፍናለች፣ አንድ ቃል አትናገርም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ባሰበት። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ የለመደው ክፍያ ሲቀርበት ልጅ መጀመሪያ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እዚያ ላይ ከተሸነፋችሁ የበለጠ መላጥ እንደሚያዋጣ አስተማራችሁት ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አመል ነው ወይስ በሽታ?

መልስ፦ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ተመዝግቧል። ብልግና እንዳልሆነ ግን እናንተም ታውቃላችሁ።

ጥያቄ (አባት)፦ ልጄ አይናገርም። የሚያሳክከው ነገር ቢኖርስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከደብተሩም በፊት መምጣት የነበረበት ጥያቄ ነው። «ያሳክከኛል» ማለት የማይችል ልጅ በእጁ ነው የሚናገረው። ደሴ ብርዱ ቆዳ ያደርቃል፤ ኮምቦልቻ ሙቀቱና የትንኝ ንክሻው አለ። ማሳከኩ ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶቹ መካከል ሽፍታ ያለው፣ ሌላም የቤተሰብ ሰው የሚያክ ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል፤ እከክ ደግሞ በምክር አይድንም። በቆዳ ሕክምና ስሙ የቆየው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከደሴ ሩቅ አይደለም። ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ዙሪያው ከቀላና ከተቃጠለ ወይም ልጁ ካተኮሰው ቀጠሮ አትጠብቁ።

ጥያቄ (አባት፣ ከደሴ)፦ ልጄ 16 ዓመቷ ነው፤ ትናገራለች፣ ታነባለች። ራሷም ማቆም ትፈልጋለች፤ ግን ሳታውቀው እጇ ይሄዳል።

መልስ፦ ለእሷ የሚሆን የቆየ ዘዴ አለ። አዝሪንና ነን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ነው። መጀመሪያ ማወቅ፦ እጇ ጉዞ ሲጀምር፣ ገና ቆዳውን ሳይነካ፣ ራሷ ትያዘው። ቀጥሎ ተቀናቃኝ እንቅስቃሴ፦ ከመላጥ ጋር አብሮ ሊሠራ የማይችል ነገር ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ትሥራ። ጡጫ መጨበጥ ይበቃል። አንዲት ተማሪዬ የጋቢ ዘርፍ መቋጨት መረጠች፤ ሌላው የአያቱን ሙስበሃ (የጸሎት መቁጠሪያ) መቁጠር ወዶ ነበር፣ አያቱ ግን መጫወቻ አይደለም ብለው ነጠቁት። መጀመሪያ ማስፈቀድ ነበረብኝ። ሦስተኛው አንድ የቤተሰብ ሰው ነው፤ ስትረሳ በዝግታ ያስታውሳታል፣ ስትይዘው ያደንቃታል። ሰው ፊት አታርሟት፤ በ16 ዓመት ውርደቱ ከቁስሉ ይብሳል።

ቋንቋው ላልጠነከረ ልጅ ይህ ይከብዳል። ለእሱ ሰዓት ቁጠሩ። በየአምስት ደቂቃው የሚልጥ ከሆነ ሦስት ደቂቃ ሳይልጥ ሲቆይ የሚወደውን ስጡት፤ ሲለምደው አራት፣ ከዚያ ስድስት አድርጉት። ከአንድ ሰዓት የጀመረ ወላጅ ሽልማቱን መቼም አይሰጥም፤ ልጁም የጨዋታውን ሕግ ሳያውቅ ይቀራል።

ጥያቄ፦ እጁን ብናስረውስ?

መልስ፦ አይታሰርም። ጥፍሩን አሳጥሩ፣ ቁስሉን በፋሻ ሸፍኑ፣ ረጅም እጅጌ አልብሱት። ይህ ቁስሉ እንዲድን ጊዜ መግዣ ነው፤ ብቻውን ልማዱን አይለውጥም።

ጥያቄ (አያት)፦ ጠበል ብንወስደውስ? ጎረቤቴም ዱዓ ይደረግለት ትላለች።

መልስ፦ እማማ፣ ሁለቱንም አልከለክልዎትም። ልጁ እንዳይመታና እንዳይታሰር ብቻ አደራ፤ የተከፈተ ቁስሉም ንጹሕ ያልሆነ ውኃ አይንካው። ደብተሩ አይቋረጥ።

ጥያቄ፦ መድኃኒትስ?

መልስ፦ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ሪስፔሪዶንን በ2006፣ አሪፒፕራዞልን በ2009 እ.ኤ.አ. የፈቀደው ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ለሚታይ ከባድ ብስጭት ነው፤ ቆዳ ለመላጥ ተብሎ አይደለም። ቀሪውን ከሐኪም ጋር።

ጥያቄ (እህት)፦ ወንድሜ የራሱን ትቶ የእኔን ክንድ መላጥ ጀመረ!

መልስ፦ ጣቱ የሚወደው መላጡን ነው፤ የሚላጠውን ነገር ቀይሪለት። ብርቱካን፣ የተቀቀለ ድንች፣ የተዘፈዘፈ ባቄላ ስጪው፤ በተለይ ደብተሩ ባሳየሽ ሰዓት፣ ሳይጀምር። ነጭ ሽንኩርት ግን በቆሰለ ጣት አታስልጪው። እኔ አስልጬ፣ ልጁ ለሁለት ሳምንት ክፍሌ አልገባም አለ።