በተባለው ሰዓት ቀስቅሱት

ልጆቼ፣

በጎ ፈቃድ ሥራ ስትገቡ ብዙዎቻችሁ የምታስቡት ሲቪያችሁን ነው። አልፈርድባችሁም፤ ሥራ የሚፈልግ ሰው ያለውን ሁሉ ይጽፋል። እኔ ግን የምነግራችሁ ሲቪ ላይ ቢጻፍ ግማሽ መስመር ስለማይሞላ ሥራ ነው። የተኛ ብስክሌተኛ መቀስቀስ።

ዕድሜዬን የገፋሁት ፈረንሳይ አገር በነርስነት ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ ሬን ከተማ እኖራለሁ። ከሬን ብዙም ሳይርቅ ታንቴንያክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ፓሪስ ብሬስት ፓሪስ የሚባለው፣ ከፓሪስ አካባቢ ተነሥቶ በምዕራብ ባሕር ዳርቻ እስካለችው ብሬስት ደርሶ የሚመለሰው የብስክሌት ጉዞ፣ በየአራት ዓመቱ፣ ነሐሴ ላይ፣ በእሷ በኩል ያልፋል። ተሳታፊዎቹ ማኅተም የሚያስመቱበትና የሚያርፉበት ኬላም እዚያ አለ። ርዝመቱ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ደርሶ ከመመለስ ይበልጣል። ረጅሙ የጊዜ ገደብ 90 ሰዓት ነው፤ ሲበሉም ሲተኙም ሰዓቱ አይቆምም። ለመሳተፍ በዚያው ዓመት የ200፣ የ300፣ የ400 እና የ600 ኪሎ ሜትር ጉዞዎችን መጨረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ታንቴንያክ የሚደርሰው ሰው ለመዝናናት የወጣ አይምሰላችሁ።

ነገሩ የቆየ ነው። መጀመሪያ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ያኔ የለየለት ውድድር ነበር፤ ያዘጋጀውም አንድ የፓሪስ ጋዜጣ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ትንሽ ደብተር ይዘው በየኬላው ያስፈርሙ፣ ማኅተም ያስመቱ ነበር። ያሸነፈው ሻርል ቴሮን በ71 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ገባ። እንዴት እንዳሸነፈ ልብ በሉ። ዋና ተፎካካሪው ዢየል ላቫል በሦስተኛው ሌሊት ጋደም ሲል ቴሮን ጥሎት አለፈ። በቃ። የእንቅልፍ ነገር ያኔም እንዲህ ነበር።

ዛሬ አዘጋጁ ኦዳክስ ክለብ ፓሪዚየን ውድድር ብሎ አይጠራውም። ሰዓቱን ጠብቆ የገባ ሁሉ ጨርሷል ነው የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ2019ም በ2023ም ከ6,000 በላይ ሰው ተነሥቷል። ህንዱ አለ፣ ጃፓኑ አለ፣ ብራዚሉ አለ። ቋንቋ አልችልም ብላችሁ የምትፈሩ ካላችሁ፣ አትፍሩ። እነሱም አብዛኞቹ ፈረንሳይኛ አይችሉም።

ኬላው ላይ ሥራው ብዙ ነው። በተሳታፊዎቹ የጉዞ ካርድ ላይ ማኅተም መምታት፣ ሾርባ መቅዳት፣ ወለል መጥረግ። በር ላይ የሚቆምም አለ። የእሱ ሥራ የሚወጣውን ሁሉ «ወደ ብሬስት ነው ወደ ፓሪስ?» እያለ መጠየቅ ነው። ቀልድ ይመስላል አይደል? ፈጣኖቹ ከብሬስት ሲመለሱ ቀርፋፎቹ ገና እየሄዱ ስለሆነ፣ ሁለቱም እዚያው ግቢ ውስጥ ይገናኛሉ። እንቅልፍ ያዞረው ሰው ደግሞ የመጣበትን መንገድ ተመልሶ ይይዘዋል።

እኔ የምወደው መኝታ ክፍሉን ነው። ሰውየው ይመጣል፣ ጥቂት ዩሮ ይከፍላል። ስንት ሰዓት ልቀስቅስህ ትሉታላችሁ። የአልጋውን ቁጥርና የነገራችሁን ሰዓት ወረቀት ላይ ትጽፋላችሁ። (የእኛን ሰዓት አቆጣጠር የለመዳችሁ፣ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። 03፡40 ካላችሁ 03፡40 ብላችሁ ጻፉ። በልባችሁ «ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ» እያላችሁ 9፡40 የጻፋችሁ እንደሆነ ሰውየው የሚነሣው ለቁርስ ነው።) ከዚያ በባትሪ መንገድ እያሳያችሁ አልጋው ድረስ ትወስዱታላችሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ትቀሰቅሱታላችሁ።

አለቀ። ሥራው ይኸው ነው። ፈተናውም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

አንድ ሌሊት፣ ሽበታም ጃፓናዊ መጣ። ሲመለስ ነው፤ 850 ኪሎ ሜትር አልፏል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ እንድንቀሰቅሰው በጣቱ ሰዓቱ ላይ አሳየን። ጫማውን አልጋው ሥር አፉን ወደ በሩ አዙሮ አስቀመጠ። ካርዱን ከአንገቱ ሳያወልቅ ተኛ። ሰዓቱ ሲደርስ አብሮኝ ተራ የያዘው ወጣት ባትሪውን ይዞ ቆመ። «ምነው ትንሽ ብንተወው? ግማሽ ሰዓት ብቻ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሰውየው አንጀት ይበላል። አፉ ተከፍቷል፣ የእጁ መዳፍ አብጧል።

እንቢ አልኩ። ቀሰቀስነው። ተነሥቶ ፊታችንን አላየም፤ መጀመሪያ ያየው ሰዓቱን ነው። ከዚያ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

ይህን የምነግራችሁ ጨካኝ ሁኑ ለማለት አይደለም። ያ ሰው ኮርቻ ላይ ሆኖ ሲያሰላ ነው ያደረው። የሚቀጥለው ኬላ ስንት ይርቃል፣ ዳገቱ ስንት ነው፣ ስንት ደቂቃ በእጄ አለ። እናንተ አንዱንም አታውቁም። የምታውቁት አንጀታችሁ መንሰፍሰፉን ነው። የሰጣችሁት ግማሽ ሰዓት ከእናንተ ኪስ የወጣ አይደለም፤ የራሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ የለፋበትን ልታሳጡት ትችላላችሁ። ሲነቃ ደግሞ የሚያመሰግናችሁ እንዳይመስላችሁ።

እኛ አበሾች ፍቅራችን «በሞቴ» ነው። በሞቴ ብላ፣ በሞቴ አረፍ በል፣ በሞቴ እደር። እኔም ያደግሁበት ነው፣ ቤቴ ለሚመጣ እንግዳ ዛሬም እላለሁ። ኬላ ላይ ግን አይሠራም። «ሾርባ ብቻ» ያለውን ሰው ሩዝና ሥጋ ብትጭኑበት፣ ወይ ያስመልሰዋል ወይ ለይሉኝታ ሲል ተቀምጦ ሰዓቱ ያልፋል። የጠየቀውን ስጡት። ካልጠገበ ይጨምራል፣ አፍ አለው።

ሆስፒታልም ውስጥ ብዙ ጊዜ ያየሁት ይህንኑ ነው። በሽተኛው «ውጤቱን ንገሩኝ» ይላል። ቤተሰብ ኮሪደር ላይ ይዞኝ «እባክሽ አትንገሪው፣ ይደነግጣል» ይለኛል። ሁሉም የሚያዝንለት ነው። ሰውየው ግን የጠየቀው ማዘን አልነበረም። ወጣት ሳላችሁ ይህን ከለመዳችሁት፣ በኋላ ሐኪም ብትሆኑም አለቃ ብትሆኑም ወላጅ ብትሆኑም ስለ ሌላው ሰው መወሰን ልማድ ይሆንባችኋል። ማንም አይቆጣችሁም፤ ደግ ነው ስለምትባሉ።

ታዲያ ሁልጊዜ ነው ወይ? አይደለም። ስትቀሰቅሱት የት እንዳለ የማያውቅ አለ። ቁጭ ካለ በኋላ ትንሽ ጠብቁና ስሙን ጠይቁት፤ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ጠይቁት። ከመለሰ ሂዱ። ካልመለሰ፣ ወይም ቆሞ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ወደ ሕክምና ቡድኑ ጥሩ። እናንተ አትመርምሩ። እኔ ራሴ ነርስ ሆኜ በዚያ ሌሊት ነርስ አልነበርኩም፤ ቀስቃሽ ነበርኩ። እያወቁ አለመንካት ከባድ ነው፣ ልመዱት።

አቀሳቀሱም ወግ አለው። ባትሪ ዓይኑ ላይ አታብሩ። ትከሻውን ወይም ብርድ ልብሱን ነካ ማድረግ፣ ሰዓቱን በቀስታ መናገር። ጎረቤቱ የተኛው ከአሥር ደቂቃ በፊት ነው፣ እሱንም አትርሱ። ሳይቀመጥ ጥላችሁት አትሂዱ፤ «እሺ» ብሎ ተመልሶ የሚተኛው ብዙ ነው። ቁጭ ብሎ፣ ነቅቶ፣ «ሃያ ደቂቃ ጨምሩልኝ» ካለ ግን የድሮውን ሰርዛችሁ አዲሱን ሰዓት ጻፉ። ነቅቶ «በቃኝ፣ አቋርጫለሁ» ካለም የእሱ ነው። «አይዞህ ትችላለህ» እያላችሁ አትጨቅጭቁት። አንገቱ ራሱን መሸከም ያቃተው ሰው አይቻለሁ። ያ ሰው የፈለገው የባቡር ጣቢያው የት እንደሆነ ብቻ ነበር።

የሚቀጥለው ጉዞ እ.ኤ.አ. በ2027 ነው። ፈረንሳይ ያላችሁ፣ በመንገዱ ላይ ያሉ ከተሞች የብስክሌት ክለቦችን ጠይቁ፤ ሰው ሁልጊዜ ያንሳቸዋል። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ከለንደን ኤዲንብራ ደርሶ መልስ የሚካሄድ የዚሁ ዓይነት ጉዞ አላችሁ፤ እሱም በየአራት ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ከታላቁ ሩጫ ውኃ ማደያ ጀምሩ። ወደዚህ የምትመጡ ወፍራም ሹራብ ያዙ፤ የብሪታኒ፣ የዚህ አካባቢ ማለቴ ነው፣ ሌሊቱ ነሐሴም ቢሆን ይበርዳል። ስትመዘገቡ የሌሊቱን ተራ ጠይቁ። ለቀኑ ሰው አይጠፋም።