አፕል ለመትከል ለምታስቡ የጎጃም ወጣቶች

ልጆቼ፣ ጮቄ ግርጌም ሆነ ባንጃ የአፕል ችግኝ ልትገዙ ስትሄዱ «ዝርያው ምንድን ነው?» ትላላችሁ። «አና» ሲሏችሁ ደስ ብሏችሁ ትከፍላላችሁ። ዕድሜዬን በችግኝ ጣቢያ የጨረስኩ ሰው ነኝና አንድ ጥያቄ ልጨምርላችሁ፦ «የተዳቀለው በምን ሥር ላይ ነው?» የዛፉን ቁመት፣ ፍሬ የሚይዝበትን ጊዜና ድርቅ መቻሉን በአብዛኛው የሚወስነው አናው ከተጣበቀበት መጋጠሚያ በታች ያለው፣ ሩትስቶክ የሚባለው የሥር ክፍል ነው።

ለጋው የቅርንጫፍ ጫፍ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ይሠራል፤ ኦክሲኑ ቁልቁል ወርዶ ሥሩን ያበረታል። ሥሩም በተራው ሳይቶካይኒን የሚባል ሌላ ሆርሞን ሠርቶ ከውሃው ጋር ሽቅብ ይሰዳል፤ ቡቃያውን የሚያነቃው እሱ ነው። እንደ ኤም 9 ባለ አሳጣሪ ሩትስቶክ ላይ ግን ኦክሲኑ በልጡ በኩል እንደ ልቡ አይወርድም። ሥሩ ይሳሳል፣ ሽቅብ የሚሰደው ሳይቶካይኒንና ጂበሪሊን ያንሳል፣ ቅርንጫፉም እድገቱን ቀድሞ ያቆማል። ጂበሪሊን አፕል አበባ እንዳይቋጥር የሚከለክል ሆርሞን ስለሆነ ማነሱ ለእኛ በጀን፤ ዛፉ ቶሎ ያፈራል። በእነዚህ ሩትስቶኮች ልጥ ውስጥ እድገትን የሚገታው አብሲሲክ አሲድ የተባለ ሆርሞንም በርከት ብሎ ይገኛል። የትኛው ሆርሞን ቀዳሚ እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ዛሬም ይከራከራሉ፤ ይከራከሩ፣ ተካዩን የሚያሳስበው ሌላ ነው።

ኤም 9 በእንግሊዝ አገር ኢስት ሞሊንግ ጣቢያ ተለይቶ የወጣ ነው። ዛፉ 3 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚቆም ለመግረዝም ለመልቀምም ይመቻል። ሥሩ ግን ጥልቀት የለውም፣ ተሰባሪ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ድጋፍ እንጨት ይፈልጋል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ የሚያጠጣበት መስኖ የሌለው ሰው ኤም 9 ልትከል ቢለኝ እሺ አልለውም። ኤምኤም 106 የሚባለው ሩትስቶክ ይሻለዋል፤ ውሃ በሚተኛበት ማሳ ግን ከአፈሩ ጋር የሚገናኘው አንገቱ ይበሰብሳል። ድርቀት ለሚበዛበት ተዳፋት ኤምኤም 111ን እመርጣለሁ፤ ፍሬው ቢዘገይም ድርቅ ይችላል።

የመረጣችሁት የቱንም ይሁን፣ ስትተክሉ መጋጠሚያው ከመሬት ስንዝር ያህል ከፍ ይበል፤ ስትኮተኩቱም አፈር አትከምሩበት። ከተቀበረ የላይኛው አና የራሱን ሥር ይሰዳል። ያኔ ኦክሲኑን የሚገታው ልጥ ይታለፋል፣ ዛፉም እንዳልተዳቀለ ሁሉ ሽቅብ ይመዘዛል።